የቤት ቀዘፋ ማሽን እየሠራሁ ነው፤ ላስቲኩ አልመች አለኝ

ብሎንና_ፍሬ፦
ሰላም ጓዶች። የሚታጠፍ የቀዘፋ ማሽን ዲዛይን እያደረግኩ ነው። መጎተቻው ላይ ላስቲክ አሰርኩ፣ ግን መጀመሪያ ላይ ባዶ ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ክንድ ይገነጥላል። ኃይሉ ከእግር እንዲጀምር ነበር የፈለግኩት። ምን ትላላችሁ?

ዘንግ_ሰሪው፦
ላስቲኩን ተወው ባክህ። በተለጠጠ ቁጥር መክበድ ባሕርዩ ነው። ክንፍ ያለው መዘውር ሞክር። ፍጥነቱን እጥፍ ስታደርገው የአየሩ ተቃውሞ 4 እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ስለዚህ ደካማውም ጠንካራውም ምንም ማስተካከያ ሳይነካ በየአቅሙ ይሠራበታል። የቀዘፋ ማሽን አምራቹ ኮንሴፕት ቱ በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ማሽን እኮ የብስክሌት ጎማ ላይ ክንፍ የተሰካበት ነበር!

ጸጥታ_ወዳድ፦
ክንፍ ይጮሃል፣ ለአፓርታማ አይሆንም። በማግኔት አድርገው። የአሉሚኒየም ዲስክ በማግኔቶች መሃል ሲሽከረከር ውስጡ ኤሌክትሪክ ይፈጠርና ራሱን ይይዘዋል፤ የሚነካካ ነገር ስለሌለ የሚያልቅ የፍሬን ሸራ የለም። ማግኔቱን ስታቀርበው ይከብዳል፣ ስታርቀው ይቀላል። ዲስኩ ግን ይሞቃል፣ አየር እንዲያገኝ ክፍት ቦታ ተውለት።

ቆብ_አጥልቅ፦
እኔ የምፈራው ማጠፊያውን ነው። መቆለፊያ ከሌለው ሰው ላይ ይወድቃል። ሰንሰለቱንና መዘውሩን ደግሞ በደንብ ሸፍን፣ የልጅ ጣት የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ካሰብክ ፎቶ እዚህ አትለጥፍ፤ በብዙ አገር አስቀድሞ ለሕዝብ የታየ ፈጠራ አዲስ አይባልም።

ብሎንና_ፍሬ፦
ፎቶውን ልለጥፍ ስል ደረስክ 😅 ማግኔቱን እሞክራለሁ። ዲስኩ ምን ያህል ይወፍር?