ፒንግ ያልፋል፣ ኦኤስፒኤፍ ግን ጎረቤት አይሆንም፤ የት ላይ ልፈልግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት የሲስኮ ራውተሮች በአንድ ስዊች አገናኝቻለሁ። የአንዱ አድራሻ 10.1.1.1/24፣ የሌላው 10.1.1.2/25 ነው። እስከ ትናንት በኢአይጂአርፒ (ራውተሮች የመንገድ መረጃ በሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) ያለ ችግር ሲሠሩ ነበር። ወደ ኦኤስፒኤፍ (ሌላ ተመሳሳይ ፕሮቶኮል) ስቀይራቸው ግን ጎረቤት መሆን፣ ማለትም ተዋውቀው መረጃ መለዋወጥ፣ እምቢ አሉ። የጎረቤት ዝርዝሩ ባዶ ነው። ሁለቱም ኤሪያ 0 (አንድ የኦኤስፒኤፍ ክፍል) ውስጥ ናቸው፣ ታይመሮቹን አልነካሁም፣ ፓስወርድም የለም። ማስኩ (የአድራሻው የትኛው ክፍል የኔትወርኩ እንደሆነ የሚለየው፣ /24 እና /25 የተባለው) እንደሚለያይ አይቻለሁ፤ ግን ፒንግ ከሁለቱም ወገን ስለሚያልፍ ተውኩት። የኔትወርክ ትእዛዙንም 0.0.0.127 አድርጌ ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም። ስታገል ነው ያደርኩት፣ እባካችሁ እርዱኝ።

መላሽ 1፦
ወንድሜ፣ ችግሩ ያው የተውከው ማስክ ነው። ኦኤስፒኤፍ በሚልከው ሄሎ (ጎረቤት መፈለጊያ መልእክት) ውስጥ የኢንተርፌሱ ማስክ ተጽፎ ይሄዳል። ተቀባዩ ከራሱ ማስክ ጋር ያመሳክረዋል። ካልገጠመ ሄሎውን ይጥለዋል። አንዱ 255.255.255.0 ሲል ሌላው 255.255.255.128 እያለ ነው። ስለዚህ ኢኒት (የጎረቤቱ ሄሎ የተሰማበት ደረጃ) ላይ እንኳን አይደርሱም።

ፒንግ ለምን አለፈ? አይፒ ፓኬት ማስክ ይዞ አይሄድም። እያንዳንዱ ራውተር የሚያሰላው በራሱ ማስክ ብቻ ነው። በ/24 የሚያስበው ራውተር 10.1.1.2 እዚሁ አጠገቤ ነው ይላል። በ/25 የሚያስበውም ከ0 እስከ 127 ያለውን የራሱ ሰፈር አድርጎ ስለሚያይ 10.1.1.1 ይገባለታል። በኤአርፒ (በአይፒው የካርድ አድራሻ በሚጠየቅበት ዘዴ) ይፈላለጉና ይገናኛሉ። አለመግባባታቸው የሚታወቀው ማስኩን የሚጠይቅ ሲመጣ ነው።

የኔትወርክ ትእዛዙ ላይ ያለው 0.0.0.127 ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ኦኤስፒኤፍ የትኞቹ ኢንተርፌሶች ላይ ይነሣ የሚለውን ይመርጣል እንጂ የኢንተርፌሱን ማስክ አይቀይርም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል።

በዓይንህ ማየት ከፈለግህ «ዲበግ አይፒ ኦኤስፒኤፍ ሄሎ» በል። ፓራሜተሮቹ አልገጠሙም የሚል መስመር ይመጣል። እዚያ ላይ «አር» ከጎረቤት የመጣው፣ «ሲ» አንተ ጋ የተጻፈው ነው። ስትጨርስ ዲበጉን ማጥፋት እንዳትረሳ።

ጠያቂ፦
በትክክል! ታይመሮቹ፣ ሄሎ 10 ከ10፣ ዴድ 40 ከ40፣ ይገጥማሉ፤ ማስኩ ብቻ ይለያያል። ግን ኢአይጂአርፒ እንዴት ዝም ብሎ አለፈው?

መላሽ 2፦
የኢአይጂአርፒ ሄሎ ውስጥ ማስክ የለም። ስለ አድራሻ የሚያጣራው አንድ ነገር ነው፦ ላኪው በእኔ ሰብኔት (የአድራሻ ክልል) ውስጥ ነው ወይ? የአንተ ሁለቱ አድራሻዎች በሁለቱም ወገን ስሌት ውስጥ ስለሚገቡ አለፉ። የመጀመሪያው ራውተር 10.1.1.200/24 ቢሆን ኖሮ ግን በ/25 ያለው «ይሄ ከእኔ ሰብኔት አይደለም» ብሎ ይመልሰው ነበር። እስካሁን የሠራልህ ቁጥሮቹ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ነው።

መላሽ 3፦
ራውተሮቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ ሌላም መንገድ አለ። ኢንተርፌሶቹን በኦኤስፒኤፍ ፖይንት ቱ ፖይንት (ሁለት ብቻ የሚገናኙበት መስመር) አድርጋቸው። በ1998 የወጣው የኦኤስፒኤፍ ደንብ፣ አርኤፍሲ 2328፣ እንዲህ ባለ መስመር ላይ የሄሎው ማስክ እንዳይታይ ያዛል። ማስኩ ቢለያይም ጎረቤት ይሆናሉ።

መላሽ 1፦
እውነት ነው፣ ግን ለዚህ ችግር አልመክረውም። ስህተቱ ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም። አንዱ ራውተር 10.1.1.0/24ን፣ ሌላው 10.1.1.0/25ን ያስተዋውቃል። ረጅሙ ማስክ ስለሚያሸንፍ፣ ከሩቅ ወደ 10.1.1.50 የሚሄድ ትራፊክ ሁሌም በሁለተኛው ራውተር በኩል ይመጣል። ያ ራውተር የወደቀ ዕለት ወይም ትራፊኩ ለምን ዞረ ብለህ የምትፈልግ ዕለት ነው የሚያስለቅስህ። በአንድ ወገን ብቻ ፖይንት ቱ ፖይንት ካደረግህማ ምንም አይጠቅምም፤ ሌላው ወገን ማስኩን ማመሳከሩን ስለማይተው ጎረቤት አይሆኑም።

መላሽ 3፦
ልክ ነህ፣ ይሄን አላሰብኩትም። ማስኩን ማስተካከሉ ይሻላል።

ጠያቂ፦
ሁለተኛውን ወደ 255.255.255.0 ቀየርኩት። ወዲያው ፉል (ሙሉ ጎረቤት) ሆኑ፣ ሩቶቹም (መንገዶቹም) ገቡ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አሁን የቀሩትን ኢንተርፌሶች ማስክ አንድ በአንድ እያየሁ ነው፤ ሌላም ቦታ /25 አግኝቻለሁ።