እናቱ ቀድመው ይመልሳሉ፤ ዳያግኖሲሱን እንዴት ልጻፍ?

ጠያቂ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሳይካትሪ ነርስ ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ ገና 5 ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት እናቱ ይዘውት መጡ። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ሌሊት አይተኛም፣ ለብቻው ያወራል፣ «ጎረቤት ይከታተለኛል» ይላል። ከቀትር ጀምሮ ጫት ይቅማል። አማርኛው ብዙም አይደለም፤ እኔ ስጠይቀው እናቱ ቀድመው ይመልሳሉ፣ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። በ20 ደቂቃ ውስጥ ካርዱ ላይ «ስኪዞፍሬኒያ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ካርዱን አይቶ «ከመቼ ጀምሮ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። በጣም ከንክኖኛል። ይህ ቃል ዕድሜ ልኩን ሊከተለው ይችላል። ከየት ልጀምር? ጫቱንስ ከሕመሙ እንዴት ልለየው?

ነባር ነርስ (ሐረር)፦ ሲስተር፣ አለቃሽ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀሽ። ጥርጣሬና ድምፅ መስማት በብዙ ሕመም ላይ አለ፤ አንዱ ዋና መለያ ጊዜው ነው። በዲኤስኤም 5 (በአሜሪካኖቹ የአእምሮ ሕመም መለያ መጽሐፍ) ስኪዞፍሬኒያ ለማለት ቢያንስ 6 ወር ያስፈልጋል። ከ1 ወር ካነሰ አጭር ሳይኮሲስ (ከእውነታ መራቅ) ነው፤ መሃል ላይ ያለው ስኪዞፍሬኒፎርም ይባላል። በአይሲዲ (በዓለም ጤና ድርጅት የሕመም መለያ) ከሄድሽ ግን 1 ወር ይበቃል። በየትኛው እንደምትሠሩ አስቀድመሽ እወቂ።

«መቼ ጀመረው?» ካልሽ «ቆየ» ነው የሚሉሽ። እኔ ወረቀት አጋድሜ አንድ መስመር አሰምራለሁ። ክርስቲያን ከሆኑ «ታኅሣሥ ላይ ቁልቢ ገብርኤል ሲነግሥ እንዴት ነበር?» እላለሁ። ሙስሊም ከሆኑ «ረመዳን ሲገባ ሥራ ይሄድ ነበር? ለአረፋስ ከሰው ጋር ቀርቦ በላ?» እላለሁ። እናት ይህን አይረሱም። «ኧረ ለአረፋ በሩን ዘግቶ ነው የዋለው» ይሉሻል። እዚያ ላይ ምልክት አድርጊ። ከሥሩ ሌላ መስመር አስምሪና ጫቱን አስገቢበት፦ መቼ ጀመረ፣ መቼ ጨመረ፣ መቼ አቆመ። ሁለቱን መስመሮች አስተያይተሽ ስታይ ብዙ ነገር ይገለጥልሻል።

የከዚራው፦ እናቱ ፊት «ትቅማለህ ወይ?» አትበዪው፤ ይክድሻል። ብቻውን ሲሆን «ዛሬ ቅመሃል? ስንት ዙርባ? ከበርጫ በኋላ ጨብሲ (መጠጥ) አለ?» በይው። ጥርጣሬው በምርቃና ሰዓት ብቻ ነው ወይስ ሳይቅም ጠዋትም አለ? ጫት ሲቋረጥ የሚመጣው ቅዠት ደግሞ ዱካክ ነው፤ ቃሚ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱን ሳይኮሲስ ብለሽ እንዳትጽፊው። ካቆመ ወደ 1 ወር ሆኖትም ካልለቀቀው ግን ጫት ብቻ ነው ማለት ይከብዳል። እንቅልፉንም ጠይቂ። ሳይተኛ ይደክመዋል ወይስ ጉልበት ይጨምራል? ሳይተኛ ትኩስ ከሆነ፣ ወሬው ከፈጠነ፣ ብር ከበተነ፣ ይህም 1 ሳምንት ከዘለቀ ባይፖላርን (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበትን ሕመም) አስቢ።

ጤና መኮንን (ድሬ)፦ አንድ ነገር ልጨምር። ትኩሳት አለው? ቀኑንና ቦታውን ያምታታል? ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል? እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ደሙ ይታይ። ድሬ ወባ አለ።

እህት ነኝ፦ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ወንድሜ ሲታመም እኔ ነበርኩ ከኦሮምኛ የማስተረጉምለት። «ሌሊት ጣራችን ላይ ሰዎች እየሄዱ ስሜን ይጠራሉ» አለ። እኔ አፍሬ «ይፈራል» ብዬ አሳጠርኩት። «መሞት ይሻለኛል» ያለውንም እናቴ አጠገባችን ስለነበረች ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እባክሽ፣ ቤተሰብ እንዲያስተረጉም አታድርጊ።

ነባር ነርስ (ሐረር)፦ እህቴ፣ ይህን ስለጻፍሽልን አመሰግንሻለሁ። ሲስተር፣ ስለ ሞት ሳትጠይቂ እንዳትለቂው። «ሕይወት በቃኝ ያልክበት ቀን አለ?» ብለሽ ጀምሪና «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል? እንዴት ብለህ?» ብለሽ ቀጥዪ። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። ዳያግኖሲሱን ለጊዜው «ያልተለየ ሳይኮሲስ» ብትዪው ነውር የለውም። ሕክምናው አይቆምም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማክሰኞ ቀጠሮ አለው። ኦሮምኛ የምትችል ባልደረባዬን አብራኝ እንድትገባ ጠይቄያለሁ። ካርዱ ላይ የጻፍኩትንም በአንድ መስመር ሰርዤ ቀንና ፊርማዬን አስቀምጫለሁ። ግን እናቱን ውጪ ይጠብቁ ስላቸው እንዳይከፋቸው ምን ልበላቸው?

ነባር ነርስ (ሐረር)፦ «እናቴ፣ መጀመሪያ እሱን ብቻውን ላነጋግረው፤ ከዚያ እርስዎን ለብቻዎ እሰማዎታለሁ» በያቸው። ወንበር ግን አስቀድመሽ አዘጋጂላቸው።