የገጠር ግላይደር ክለብ ምን ምን ያስፈልገዋል? ባሕር ዳር ዙሪያ ቢታሰብስ?

ዘንባባ_ጥላ
ሰላም ናችሁ። አውሮፓ ውስጥ በእርሻ መሀል ያሉ ትንንሽ የግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) ክለቦች እንዴት እንደተጀመሩና ምን ምን እንዳላቸው የምታውቁ አስረዱኝ። አስፋልት የላቸውም፣ ማማ የላቸውም፣ ግን ይበራሉ። ሁለተኛ፣ ጣና ዳር ባለ ሜዳ ላይ ቢታሰብ መሬቱና አየሩ ምን ያስለውጣል? አውሮፕላኑ ከየት ይመጣል የሚለውን ለጊዜው ተዉት።

ዓባይ_ማዶ
ነገሩ የጀርመን ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል የጦር አየር ኃይል ስለከለከለና የባለሞተር አውሮፕላን ሥራም ስለተገደበ፣ ተማሪዎችና መሐንዲሶች ፊታቸውን ወደ ሞተር አልባው አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1920 በኦስካር ኡርዚኑስ አዘጋጅነት ዋሰርኩፐ ተራራ ላይ የመጀመሪያው የሮን የግላይደር ውድድር ተካሄደ። ማስነሻው የጎማ ገመድ ነበር፦ መሀሉ አፍንጫው ላይ ይያዛል፣ ሁለቱን ጫፎች ሰዎች እንደ ባላ ከፍተው ቁልቁል እየሮጡ ይለጥጡታል፣ ጭራውን የያዘው ሲለቅ አውሮፕላኑ ይስፈነጠራል። ኮረብታ፣ ነፋስና የሰው ጉልበት ካለ ክለብ አለ ማለት ነው።

በእንግሊዝ የለንደን ግላይዲንግ ክለብ በ1930 ደንስታብል ከሚባለው ሸንተረር ሥር ተመሠረተ። ኪት ኒኮልሰን በ1930ዎቹ የነደፈው ሕንፃው ዛሬ በቅርስነት ተመዝግቧል። ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ ግላይደሩን ጎትቶ የሚያስነሳ ባለሞተር መሣሪያ) ከመጣ በኋላ ግን ኮረብታ ግዴታ መሆኑ ቀረ፤ የሜዳ ክለብ የበዛው ለዚህ ነው።

ጥርስ_ማርሽ
የክለብ ልብ ዊንቹ ነው እንጂ አውሮፕላኑ አይደለም። ዊንቹ በሜዳው አንድ ጫፍ ይቆማል፣ ግላይደሩ በሌላው። 1000 ሜትር ገመድ ከተዘረጋ ነፋሱ እንደሚሰጠው ከ350 እስከ 400 ሜትር ከፍታ ይገኛል። ባለሁለት መቀመጫ (ለምሳሌ ኤኤስኬ 21 (ASK 21)፣ ሙሉ ክብደቱ 600 ኪሎ) ለመጎተት ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ሞተር ይፈለጋል። እዚህ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስት አንዱን ያጣል፤ ቱርቦ ያለው የጭነት መኪና ናፍጣ ሞተር ይሻላል።

ገመዱ ብረት ወይም ዳይኒማ (ሰው ሠራሽ ጠንካራ ክር) ነው። ብረት ከባድ ነው፣ ይቋጠራል፣ የተቋጠረበት ቦታ ላይ ይበጠሳል። ዳይኒማ ቀላል ነው፣ ግን ጠጠር ላይ ሲጎተት ቶሎ ይላላጣል። በገመዱና በግላይደሩ መካከል ጭነት ሲበዛ ሆን ተብሎ የሚበጠስ ማያያዣ አለ፤ ቀለሙ አቅሙን ይናገራል፦ ጥቁር 1000 ዴካኒውተን (አንድ ቶን ገደማ)፣ ቡናማ 850፣ ቀይ 750፣ ሰማያዊ 600፣ ነጭ 500። የትኛው እንደሚገባ የአውሮፕላኑ መመሪያ ይወስናል። «ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል» ብሎ ጠንከር ያለውን የሚያስር ሰው ክንፉን ለአደጋ ያጋልጣል።

ዊንቹ ላይ ከበሮ፣ ገመዱ ካልተለቀቀ የሚቆርጥ ጊሎቲንና ለኦፕሬተሩ የሽቦ መረብ ያለው ጎጆ የግድ ነው። ምልክቱ በእጅ ከሆነ፦ ክንድ ከታች ሲወዛወዝ ልል ገመዱን ሰብስብ፣ ከራስ በላይ ሲወዛወዝ ሙሉ ጉልበት፣ ሁለቱም እጆች ቀጥ ብለው ሲነሱ አቁም።

ክንፍ መሬት ሊነካ ከሆነ ፓይለቱ ወዲያው ገመዱን ይለቅ፤ ሴኮንድ ከጠበቀ አውሮፕላኑ ዞሮ ሊገለበጥ ይችላል። ገመድ በአየር ላይ ሲበጠስ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ አፍንጫ ወደ ታች፣ ፍጥነት እስኪመለስ መጠበቅ፣ ከዚያ ብቻ የት እንደሚያርፉ መወሰን። ፍጥነቱ ሳይመለስ መታጠፍ ገዳይ ነው።

ፎገራ_ሜዳ
ከመሬቱ ልጀምር። እዚህ ሰፊው ሜዳ ዋልካ ነው። በክረምት ጎማ ይውጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የግላይደርን ትንሽ ጎማ ለመያዝ ይበቃል። ፎገራን የሚያውቅ ጎርፉንም ያውቃል። ስለዚህ ቀይ አፈር ያለው፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ርዝመቱ ከ1000 ሜትር የማያንስ፣ መንገድም የከብት መተላለፊያም ገመዱን የማያቋርጠው ቦታ ይፈለግ። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የወል ግጦሽ ነው፤ ከገበሬዎቹ ጋር በሰዓትና በቀን ሳይስማሙ የተዘረጋ ገመድ በሬ ይጠልፋል። መብረሪያው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው።

አየሩ፦ 27 ዲግሪ በሞላ ቀን የእኛ 1800 ሜትር ለክንፉ ከ2600 ሜትር በላይ ሆኖ ይሰማዋል። የፍጥነት መለኪያው ላይ የሚነበበው አይለወጥም፤ መሬት ላይ ያለው እውነተኛ ፍጥነት ግን ከባሕር ወለሉ በ14 በመቶ ገደማ ይበልጣል፣ የማረፊያው ሩጫም በ30 በመቶ ያህል ይረዝማል። በአውሮፓ ሜዳ የተለካውን ርዝመት እዚህ መገልበጥ አያዋጣም።

ሐይቁ ሌላ ነገር ነው። ፀሐይ የብሱን ካሞቀች በኋላ ቀዝቃዛ ነፋስ ከጣና ወደ የብስ ይገባል፤ ዳርቻው ላይ የሚያነሳ ሞቃት አየር ይዳከማል። ጠዋት ከየብስ ወደ ሐይቁ የሚነፍሰው እኩለ ቀን ሳይደርስ ስለሚገለበጥና ግላይደር የሚነሳው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ስለሆነ፣ ዊንቹን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ማዛወር ግድ ይላል። ከውሃው ገባ ያለ ቦታ ይሻላል። ጥንብ አንሳ የሚዞርበት ቦታ አየሩ እየወጣ መሆኑን ይነግራል፤ ግን ቄራና ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ከሆነ ግጭት ይጠብቅሃል፣ ራቅ።

ከሁሉ በፊት የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ። ገመዱ 400 ሜትር የሚወጣ ነገር በባሕር ዳር አየር ማረፊያ የበረራ መንገድ ላይ አይሞከርም።

ዘንባባ_ጥላ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሃንጋር ግን የግድ ነው? በሸራ ሸፍኖ ማሳደር አይበቃም?

ጥርስ_ማርሽ
ፋይበርግላስ ከሆነ አይበቃም። የብዙዎቹ ሬዚን ከ54 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ነጭ የሚቀቡት ለዚህ ነው። እኛ ፀሐይ ላይ ጠቆር ያለ ሸራ ከስሩ ምን ያህል እንደሚያሞቅ አስበው። የፓይለቱ መቀመጫ የመስታወት ክዳን ክፍት ሆኖ ከተተወ ደግሞ ፀሐይን አሰባስቦ መቀመጫ ያቃጥላል።

ኤኤስኬ 21 ክንፉ 17 ሜትር ነው፤ ተገጣጥሞ የሚያድር ከሆነ የበሩ ስፋት ከ18 ሜትር አይነስ። ያ ከከበደ ፈታትቶ በዝግ ተጎታች ማሳደር ርካሹ መንገድ ነው፣ 3 ወይም 4 ሰው ይበቃል። የዚህ ዋጋ ግን በየጠዋቱ መገጣጠም ነው፤ ሳይያያዝ የቀረ የመሪ ዘንግ በዓለም ላይ ብዙ ሰው ገድሏል። ከገጣጠማችሁ በኋላ አንዱ መሪውን ያንቀሳቅስ፣ ሌላው ውጭ ሆኖ እያንዳንዱን የክንፍና የጭራ ቅጠል (በመሪው የሚንቀሳቀሰውን ክፍል) በእጁ ይዞ ይቃወመው። በዓይን «ይንቀሳቀሳል» ማለት አይቆጠርም።