ትራክ ቼንጅስ ያልያዘውን ለውጥ እንዴት ላግኝ?

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ እርዱኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ሰነድ ላይ ተጣብቄያለሁ።

አራት ሆነን በዎርድ ሪፖርት እየጻፍን ነው። ትራክ ቼንጅስ (ዎርድ እያንዳንዱን ለውጥ ምልክት አድርጎ የሚመዘግብበት) ከመጀመሪያው በርቶ ስለነበር ማን ምን እንደነካ ሁሉ ይታየኛል ብዬ ተማምኜ ነበር። አሁን ግን ሠንጠረዡ ውስጥ ሁለት ሴሎች ተዋህደው አገኘሁ፤ ምንም ምልክት የለም። ዎርድ «ይህ እንደ ለውጥ አይመዘገብም» ብሎ የሚያስጠነቅቀው ሴሉን የሚያዋህደውን ሰው ነው። ኋላ የሚያነበውስ በምን ይወቅ?

ከሁሉ የከበደኝ ግን አንድ የተዛወረ አንቀጽ ነው። ከገጽ 3 ወደ ገጽ 9 ሄዷል። የድሮው በሙሉ እንደተሰረዘ፣ አዲሱ በሙሉ እንደተጨመረ ሆኖ ነው የሚታየው። ውስጡ አንድ ቁጥር መቀየሩን ያወቅኩት ቃል በቃል ሳነብ፣ ያውም በአጋጣሚ ነው። ሌላስ ስንት ይኖራል? በጣም አስጨንቆኛል፤ ሪፖርቱ ላይ የአራታችንም ስም አለበት።

ኮምፔር የሚለውን፣ ሁለት ቅጂዎችን የሚያወዳድረውን የዎርድ መሣሪያ፣ ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያው ቅጂ በእጄ ስላለ፣ አንደኛው ባልደረባዬ ትራኩን አጥፍቶ የጻፈውን አውጥቶልኛል። ለዚያ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ያገኘውን ልዩነት ሁሉ በአንድ ሰው ስም ነው የሚያስቀምጠው።

ሁለቱን አንቀጾች ብቻ በየራሳቸው ባዶ ሰነድ ገልብጬ ባወዳድር ያስኬዳል? ወይስ የተሻለ መንገድ አለ? ለሠንጠረዡስ ምን ታደርጋላችሁ? ከእንግዲህ ትራኩን በፓስወርድ እቆልፋለሁ፤ ያለፈው ግን አልፏል። የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ሐሙስ ማስረከብ አለብኝ።