ጊታር ላይ ቅኝት መማር፦ በጆሮ ወይስ በፍሬት ሥዕል?

ጥያቄውን ያቀረበው፣ አዲስ አበባ

አብዛኛው የጊታር ሥልጠና አምስት አምስት ድምፅ ያላቸውን አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ የሚያስተምረው የፍሬት (በጊታር አንገት ላይ ያለው የብረት ክፍፍል) ሥዕል በማደል ነው። ተማሪው በነጠብጣብ የተሞላ ወረቀት ይቀበላል፤ ጣቱን ከነጥብ ወደ ነጥብ ያመላልሳል፤ ብዙ ሳይቆይ «ትዝታን ይዣለሁ» ይላል። ዘፋኝ አጠገቡ ቆሞ ከሌላ መነሻ ሲጀምር ግን እጁ ይታሰራል። ስለዚህ የሥልጠና ክፍሎች ሁሉ እንዲይዙት የምፈልገው ደንብ ይህ ነው፦ ጀማሪ አንድን ቅኝት በራሱ ድምፅ አንጎራጉሮ እስኪያሳይ ድረስ ሥዕሉ አይሰጠው።

ምክንያቴን ጊታር ያለው ሁሉ አሁኑኑ ሊፈትነው ይችላል። አምስተኛው ፍሬት ላይ ያለውን፣ ጀማሪ ሁሉ የሚያውቀውን የአምስት ድምፅ ሳጥን፣ ማለትም እጅ ከቦታው ሳይርቅ በስድስቱም ክር ላይ የሚያገኛቸውን ነጥቦች፣ ያዙ። ድምፆቹ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ናቸው። ጓደኛችሁ አምስተኛውን ክር (ከቀጭኑ ጀምሮ ሲቆጠር) ባዶውን፣ ማለትም ላን፣ ደጋግሞ ይምታላችሁ፤ እናንተ በሳጥኑ ውስጥ ተጫወቱና ዜማችሁን ላ ላይ አሳርፉት። የምትሰሙት ባቲ ማይነር ነው። ቀጥሎ ጓደኛችሁ ያንኑ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ ዶን ይምታላችሁ፤ እናንተም ከሳጥኑ ሳትወጡ ሦስተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ወይም አንደኛው ክር ስምንተኛ ፍሬት ላይ እረፉ። አሁን ትዝታ ሜጀር ሆነ። ሥዕሉ ላይ አንድ ነጥብ አልተጨመረም፣ አንድም አልተቀነሰም። የተለወጠው ማረፊያው ብቻ ነው፤ ማረፊያን የሚለየው ደግሞ ጆሮ ነው። ወረቀቱ ሁለቱን ቅኝቶች በአንድ መልክ ነው የሚያሳያችሁ።

የጊታር መምህር፣ ሐዋሳ

ወንድሜ፣ የሳጥኑ ምሳሌህ ትክክል ነው፤ ድምዳሜህ ግን ከምሳሌው አይወጣም። ማረፊያውን ድምፅ በቀይ ቀለም ከብቤ የሰጠሁት ወረቀት ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። የጎደለው ሥዕሉ ሳይሆን የሥዕሉ አሣሣል ነው።

ደንብህ ደግሞ ሰው ያባርራል። ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ ሰው ፊት ድምፃቸውን አውጥተው አያውቁም። አንዳንዱ የሰማውን ድምፅ በጉሮሮው መልሶ ማውጣት ያቅተዋል፤ ጣቱ ግን ያገኘዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ካላንጎራጎርክ አታገኝም» ብለው በሚቀጥለው ቀን አይመጣም። ጊታር የተፈለገው እኮ ድምፅ የሌለውም እንዲዘምርበት ነው።

በዚያ ላይ ሥዕል ጆሮ ብቻውን ቶሎ የማያገኘውን ነገር ያሳያል። ግማሽ ትዝታን፣ ትዝታ ማይነር የምንለውን፣ ከዶ ብንነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው (ፍላት ማለት በአንድ ፍሬት ዝቅ ያለ ነው)። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከሶል ጀምራችሁ ደርድሩ፦ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። አምባሰል ሆነ። ተማሪ ይህን ዝምድና በሥዕል ሲያይ አንዱን ቅኝት የተማረበት ጣት ለሌላውም ያገለግለዋል። በጆሮ ብቻ የሄደ ሰው ሁለቱን እንደ ባዳ ለየብቻ ይዟቸው ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

የመሰንቆ ተጫዋች፣ ጎንደር

ሁለታችሁም ስለ ፍሬት ታወራላችሁ። ቅኝቶቹ ግን ፍሬት ላይ አልተወለዱም። የጊታር ፍሬት ኦክቴቩን፣ ማለትም ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት፣ አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ መሰንቆ አንድ ክር አለው፣ የሚከፍለውም ጣቴ ነው። ክራርም በተጫዋቹ ጆሮ እንጂ በእኩል ክፍፍል አይቃኝም። በተለይ አንቺ ሆዬ ላይ ልዩነቱ ይጎላል። በወረቀት ስትጽፉት ከዶ ተነስታችሁ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ትላላችሁ። እነዚህን አምስት ፍሬቶች በተርታ ንኩና መሰንቆ ሲጫወተው ከለመዳችሁት ጋር አስተያዩት። ተቀራራቢ ነው፤ ያው ግን አይደለም።

ስለዚህ ሥዕሉ ላይ የምትጨቃጨቁት ገና ከመነሻው ግምት በሆነ ነገር ላይ ነው። ጆሮው ያልለመደ ተማሪ ግምቱን እውነተኛው ቅኝት አድርጎ ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ ክራር ቢሰማ «ከቅኝት ወጥቷል» ይላል። ይህን ያለ የጊታር ተማሪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አዝኜበታለሁም።

የሙዚቃ ተማሪ፣ አዲስ አበባ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጽሑፍን ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር አድርገን ባናየው መልካም ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ከዚያ ወዲህ በማርሽ ባንዱም፣ በክብር ዘበኛውም፣ በቴአትር ቤቱም ኖታ የሚያነብ ሙዚቀኛ አልጠፋም። ሙላቱ አስታጥቄም የአገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ያዋሐደው በውጭ አገር በሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረውን ይዞ ነው። የምንወዳቸው የነሐስ መሣሪያ ቅንብሮች ያለ ጽሑፍ አይታሰቡም። «ጆሮ ብቻ» የሚለው ሐሳብ የራሳችንን ታሪክ ግማሹን ይደመስሳል።

ጥያቄውን ያቀረበው

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተምታቷል። ኖታና የፍሬት ሥዕል አንድ አይደሉም። ኖታ ዜማ ይዟል፦ የትኛው ድምፅ ይቀድማል፣ ስንት ይቆያል፣ የት ያርፋል። ያ ሙዚቀኛ ወረቀቱን ሲያነብ አንድ ሰው ያሰበውን ዜማ ነው የሚያነበው። የፍሬት ሥዕል ውስጥ ዜማ የለም። የተፈቀዱ ነጥቦች ዝርዝር ነው፤ ቅደም ተከተል የለው፣ ርዝመት የለው፣ ማረፊያም ቢኖረው መምህሩ በቀይ ስለከበበው ነው። ለዚህ ነው ተማሪው የሚያወጣውና የሚያወርደው። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፤ ወረቀቱ ከዚህ ሌላ የሚያስጀምረው ነገር የለውም። ትዝታ ደግሞ ደረጃ እንደ መውጣትና መውረድ አይደለም። ተመላልሶ የሚደገም ድምፅ አለው፣ ተንሸራቶ የሚደረስበት ድምፅ አለው፣ ተረግጦ የሚቆይ አለው።

ኖታ ይማሩ ብትለኝ አልከራከርህም። እኔ የምለው፣ ዜማ ያልያዘ ወረቀት ለጀማሪ የመጀመሪያ ትምህርት አይሁን ነው።

የዜማ ቤት ተማሪ የነበረ፣ ደሴ

ከቤተ ክርስቲያን ልምድ የማውቀውን ልበል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት አለው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ እየተባለ ከቃሉ በላይ ይጻፋል። ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ እንደሠሩት የሚነገርላቸው አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ይሁንና ምልክቱን ይዞ ያለ መምህር ድጓ የተማረ ሰው አላየሁም። መምህሩ ያዜማል፣ ተማሪው ይቀበላል፤ ሲሳሳት ይታረማል፣ ደግሞ ይቀበላል። ምልክቱ የሚጠቅመው ለሰማው ሰው ነው፤ የሰማውን ያስታውሰዋል፣ እንዳይስት ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ለሁለቱም ወገን የሚሆን ነገር አለ። ሊቃውንቱ መጻፍን አልናቁም፤ ዜማው እንዳይጠፋ ብለው ደክመውበታል። ቅደም ተከተሉን ግን አላዛቡም።

በነገራችን ላይ ሦስቱን የያሬድ ዜማ ዓይነቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን፣ ከአራቱ ቅኝቶች ጋር አንድ ለአንድ የሚያዛምዱ ሰዎች አጋጥመውኛል። እንዲህ ያለ ቀላል ዝምድና የለም። ጊታር አስተማሪዎች ይህን ለተማሪ ባይናገሩ ደስ ይለኛል።

እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

የሁላችሁም ክርክር ተማሪው ዜማውን ከልጅነቱ ሰምቷል በሚል ግምት የቆመ ነው። የእኔ ልጅ እዚህ ተወልዶ ያደገ ነው። አማርኛ ዘፈን የሚሰማው መኪና ውስጥ እኔ ስከፍት፣ እሱም የራሱን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ካላደረገ ነው። «አንጎራጉር» ብትሉት ምን ያንጎራጉር? በደንባችሁ ቢሄድ ኖሮ ጊታሩን ይዞ ወደ ሮክ ሙዚቃው ተመልሶ ነበር።

እሱ የጀመረው በሥዕል ነው። አባቴ ለጥየቃ መጥተው ሳሎን ተቀምጠው ሲሰሙት «ይህ የምን ልምምድ ነው?» አሉት። «ትዝታ ነው» አላቸው። ዝም ብለው ቆዩና ዐይናቸውን ጨፍነው አንዲት ስንኝ አንጎራጎሩለት። ልጁ በአንድ ክር ላይ እየፈለገ ይከተላቸው ጀመር። ሲስት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሲያገኝ ይቀጥላሉ። እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ ስሰማ የተረዳሁት፣ ሥዕሉ ጠቅሞታል። ከአሥራ ሁለት ድምፅ ውስጥ አምስቱን ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ፍለጋው ጠበበለት። አባቴ ባይኖሩ ግን ያ ሥዕል እስከ ዛሬ ልምምድ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጉታል እላለሁ፤ ቀድሞ የመጣው ሥዕሉ መሆኑም አልጎዳውም።

የጊታር መምህር፣ ሐዋሳ

እህቴ፣ የተናገሩት ለእኔ ከማንም ይልቅ ረድቶኛል። «ፍለጋው ጠበበለት» ያሉት ሥዕል የሚሰጠው ትክክለኛ ጥቅም ነው። ጥያቄውን ላቀረበው ወንድሜ፦ ለአያት ልጅ፣ ለወሎ ልጅ፣ ካሴት ሲሰማ ላደገ ልጅ ደንብህ ይሠራ ይሆናል። ላልሰማው ልጅ በር መዝጋት ነው።

ጥያቄውን ያቀረበው

መምህር፣ የእኅታችን ልጅ ትዝታን ያገኘው መቼ ነው? አያቱ ሲያንጎራጉሩለት አይደለም? ላልሰማ ልጅ መልሱ እንዲሰማ ማድረግ ነው። መምህሩ ራሱ ያንጎራጉርለት፤ መምህሩ ካልቻለ የተቀረጸ ክራር ይክፈትለት።

ሐሳቤን ግን በአንድ ነገር ላሻሽል። ማንጎራጎር ለሚያፍር ወይም ለማይችል፣ በአንድ ክር ላይ መፈለግ ይተካለት። ሁለተኛውን ክር ብቻ ይያዝ። ዶ አንደኛው ፍሬት ላይ አለ፤ የቀረውን እየሰማ ራሱ ይፈልግ። ትዝታ ሜጀርን በትክክል ካገኘ ጣቱ 1፣ 3፣ 5፣ 8፣ 10፣ 13 ላይ ያርፋል። ግማሽ ትዝታን ካገኘ 1፣ 3፣ 4፣ 8፣ 9፣ 13 ይሆናል። በአንድ ክር ላይ ሲሆን ርቀቱ በክንዱ ይሰማዋል፤ ግማሽ ትዝታ ላይ ከ4 ወደ 8 ሲዘል ያ ዝላይ የቅኝቱ መልክ መሆኑን እጁም ጆሮውም እኩል ያውቁታል። ስድስቱንም ክር የሚያዳርስ ሳጥን ይህን ርቀት ይሰውረዋል፤ ክር በተቀየረ ቁጥር እጁ እዚያው ነውና። ቁጥሮቹን ካገኘ በኋላ ራሱ ይጻፋቸው። ያኔ ሥዕሉ የእሱ ይሆናል።

የመሰንቆ ተጫዋች፣ ጎንደር

ይህ ይሻላል። እኔ ግን ከዚያም በፊት ክራር አምጡ እላለሁ። ጊታር ተማሪው መሣሪያውን በኤሌክትሮኒክ መቃኛ አስተካክሎ ይቀመጣል፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ጨረስኩ ይላል። ጆሮው አልሠራም። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ነው ያለው፤ ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሄድ ክሮቹን እያላላህና እያጠበቅህ ትፈልጋለህ። ያ ፍለጋ ራሱ ትምህርቱ ነው። ለአንድ ክፍል አንድ ክራር ይበቃል፤ ተራ በተራ ይቃኙት።

የሙዚቃ ተማሪ፣ አዲስ አበባ

ጋሼ፣ ክራሩን እቀበላለሁ። ስለ አንቺ ሆዬ ያነሱት ግን አልተመለሰም። ፍሬት መካከል ያለውን ድምፅ ጊታር ተማሪ በጆሮው ቢሰማውስ በምን ያወጣዋል? ክሩን ቢገፋው ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አይወርድም።

የመሰንቆ ተጫዋች፣ ጎንደር

ከታች ካለው ፍሬት ተነሥቶ ይግፋ፤ የሚፈልገው ላይ ሲደርስ ጆሮው ያቁመው። ወይም ክር ላይ የሚንሸራተተውን የብረት ወይም የብርጭቆ ቱቦ ይጠቀም፤ ያኔ ፍሬቱ አይገዛውም። ሁለቱም በሥዕል አይቀመጡም። ምን ያህል እንደሚገፋ የሚነግረው ነጥብ የለም።

የጊታር መምህር፣ ሐዋሳ

እዚህ ላይ ተረትቻለሁ። አንቺ ሆዬን ከእንግዲህ በወረቀት አላስጀምርም፤ በቱቦው ወይም በመግፋት፣ እየሰሙ ይፈልጉት። ለሦስቱ ግን ሥዕሌን አልተውም። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ክር እሰጣለሁ፣ የተቀረጸ ክራርም አሰማለሁ፤ በዚያው ቀን ማረፊያው በቀይ የተከበበውን ወረቀትም ይዘው ይሄዳሉ። ቤት ገብተው ብቻቸውን ሲሆኑ የሚይዙት ነገር ያስፈልጋቸዋል።

ጥያቄውን ያቀረበው

ወረቀቱን በሁለተኛው ቀን ስጣቸው፣ መምህር። የመጀመሪያውን ሌሊት ዜማውን ይዘው ይደሩ።

የጊታር መምህር፣ ሐዋሳ

ከሰባት ቀን በኋላ ነው የሚመለሱት። አንተ «አንድ ሌሊት» የምትለው ለእኔ ክፍል አንድ ሳምንት ነው፤ በሳምንት ውስጥ ያገኙት ጠፍቶባቸው ይመለሳሉ። በሳምንት ሦስት ቀን የሚያስተምር ክፍል ካለህ አድርገውና ውጤቱን እዚህ ንገረን።