አስተማሪው የፖለቲካ አቋሙን ክፍል ይዞ ሲገባ የትኛው መንገድ ይሠራል? (ጥቆማ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ)

ጥያቄ፦ በሞንትጎመሪ፣ በፌርፋክስና በአሌክሳንድሪያ የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጆች ያሏችሁ፣ አስተማሪ የራሱን ፖለቲካ እያስተማረ ነው ብላችሁ ስትጠረጥሩ ከምን ትጀምራላችሁ? ከፖርታሉ፣ ከአማርኛ የስልክ መስመሩ ወይስ በሕግ ከሚቀርብ የመንግሥት ሰነድ ጥያቄ? ልጁ 10ኛ ክፍል ነው፤ ትምህርቱ ጋቨርመንት (የመንግሥት አሠራር)።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከሁሉ በፊት ወረቀቱን ይያዙ። የወላጆች ፖርታሉ ፓረንትቪው ውጤትና መቅረት ያሳያል እንጂ ክፍል ውስጥ ምን እንደተባለ አይነግርዎትም። ስላይዱ፣ የሚነበበው ጽሑፍና የማረሚያ መስፈርቱ የሚገኙት አስተማሪዎች ትምህርቱን በሚጭኑባቸው ድረ ገጾች ነው፤ ሞንትጎመሪ ካንቫስ ላይ፣ ፌርፋክስ ስኩሎጂ ላይ። ከልጅዎ ጎን ቁጭ ብለው በእሱ መግቢያ ይክፈቱ፤ የአንድ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ምዕራፉን በሙሉ ይዩት። ሰኞ የአንዱ ፓርቲ ንግግር ተነቦ ረቡዕ የሌላው ሊቀጥል ይችላል። የሰኞውን ብቻ ይዞ የሄደን ወላጅ የረቡዑን አሳይተው ይመልሱታል።

ቀጥሎ ርዕሱ ከስቴቱ የመጣ መሆን አለመሆኑን ያጣሩ። ኤስ ኦ ኤል የሚባለው የቨርጂኒያ የትምህርት መስፈርትም ሆነ የሜሪላንዱ የማኅበራዊ ትምህርት ማዕቀፍ ለማንም ክፍት ናቸው። ባርነት፣ የስደት ሕግ፣ ኤሌክቶራል ኮሌጅ የትምህርቱ አካል ናቸው፤ ስለነሱ ማስተማር ወገንተኝነት አይደለም። “እገሌን የሚመርጥ ሰው ጭንቅላት የለውም” የሚለው ንግግር ግን የትኛውም ማዕቀፍ ውስጥ የለም። አቤቱታው በዚህ ላይ ብቻ ሲያርፍ ይሰማል።

የመጀመሪያው ኢሜይል ለአስተማሪው ይሂድ፤ ክስ ሳይሆን ጥያቄ ይሁን፦ “በ3ኛው ክፍለ ጊዜ፣ በዚህ ቀን፣ ስላይድ 6 ላይ እንዲህ ይላል። ሌላው አቋም የሚቀርበው መቼ ነው?” አምስት የትምህርት ቀን ይጠብቁ። መልስ ከጠፋ ለክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያ ለርእሰ መምህሩ። ከመጀመሪያው ለቦርድ አባላት በግልባጭ የሚላክ ደብዳቤ ተመልሶ እዚያው ትምህርት ቤት ነው የሚወርደው፤ አስተማሪውም እስከዚያ ተከላካይ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ስለ ቋንቋው ልጨምር። ፌርፋክስ የአማርኛ የወላጆች የመረጃ መስመር አለው፤ አሌክሳንድሪያም አማርኛን ከዋና የመገናኛ ቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎታል። መስመሩ ለምዝገባና ለአውቶቡስ ጥሩ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ግን አስተርጓሚ የተገኘበት ስብሰባ በጽሑፍ ይጠይቁ። በእንግሊዝኛ የማይግባባ ወላጅ ይህን ማግኘቱ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የመጣ መብት ነው፤ ውለታ አይደለም። የትርጉሙ ጊዜ ግማሹን ስለሚበላው 30 ደቂቃ ከሰጡዎት 60 ይበሉ። ልጅዎን ፈጽሞ አያስተረጉሙ፤ ነገ ውጤት የሚሰጠው አስተማሪ ፊት የእናቱን ቃል ማለሳለሱ አይቀርም።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ቃልም አለ። “አድልዎ” ካሉ አስተርጓሚው “ዲስክሪሚኔሽን” ብሎ ሊያቀርበው ይችላል፤ ያኔ ጉዳዩ በዘር ወይም በሃይማኖት መገለል ወደሚታይበት ሌላ አሠራር ይገባና ሳምንታት ይባክናሉ። “የግል የፖለቲካ አስተያየቱን እንደ ትምህርት አቅርቧል” ብለው በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ።

ከሮክቪል፦ ሕጉ ላይ መደናገር ስላለ። ወላጆች በሃይማኖታቸው ምክንያት ልጆቻቸውን ስለ ተመሳሳይ ጾታና ስለ ጾታ ማንነት ከሚያወሩ የታሪክ መጻሕፍት ንባብ እንዲያስወጡ የፈቀደው የ2025ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የማሕሙድና ቴይለር ውሳኔ ከዚሁ ከሞንትጎመሪ የወጣ ነው፤ በ2023 በዚሁ ጉዳይ ሮክቪል ላይ ከተሰለፉት ወላጆች መካከል የእኛ ኦርቶዶክሳውያንም ነበሩበት። ውሳኔው ግን በሃይማኖት ነጻነት ላይ የቆመ ነው። “አስተማሪው የዚህ ፓርቲ ደጋፊ ነው” ብሎ ልጅን ከክፍል ለማስወጣት አያገለግልም።

ለእርስዎ ጉዳይ የሚቀርበው ሌላ ነው። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚያካትተው 4ኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1998 ቦሪንግ የተባለች አስተማሪ ባቀረበችው ክስ ሥርዓተ ትምህርቱ የትምህርት ቤቱ እንጂ የአስተማሪዋ የግል ንግግር አይደለም ብሏል። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ “የመናገር ነጻነቱ ነው፣ ምንም ማድረግ አልችልም” ቢል ትክክል አይደለም። በአንጻሩ አስተማሪው ከሥራ ሰዓት ውጭ እንደ ዜጋ ስለ ሕዝብ ጉዳይ የሚጽፈውን ከ1968ቱ የፒከሪንግ ውሳኔ ጀምሮ ፍርድ ቤቶች በሰፊው ይጠብቁለታል። የፌስቡክ ገጹን አትሞ ወደ ቢሮ መውሰድ ጠንካራውን ማስረጃ ያደክማል፤ ይተዉት።

ልጁን “ቤተሰብህ ማንን ይመርጣል?” የሚል መጠይቅ ካስሞሉት ይህ ከባድ ነው። የ1978ቱ የተማሪዎች መብት ጥበቃ ሕግ ከሚጠብቃቸው 8 ዘርፎች የመጀመሪያው የተማሪውና የወላጁ የፖለቲካ አቋም ነው። ባዶውን መጠይቅ ማየት እንደሚፈልጉ ዕለቱኑ ይጻፉ።

ውጤት ተቀነሰ ከተባለ ደግሞ የማረሚያ መስፈርቱንና የታረመውን ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርጉ። ነጥቡ የጎደለው በማስረጃ ማነስ ከሆነ አቤቱታ አያዋጣም። መስፈርቱ የሚጠይቀው ሁሉ ተሟልቶ ከተቀነሰ ስም ተሸፍኖ ሌላ የዚያው ትምህርት አስተማሪ እንዲያርመው ይጠይቁ። ከሁሉ የምደግፈው ይህንን ነው፤ ማንንም ሳያዋርድ እውነቱን ያወጣል።

ከአናንዴል፦ የሰነድ ጥያቄ የመጨረሻ ይሁን። ቨርጂኒያ በ5 የሥራ ቀን ይመልሳል፤ 7 የሥራ ቀን ሊጨምር ይችላል። ሜሪላንድ እስከ 30 ቀን ይወስዳል፤ የፍለጋው የመጀመሪያ 2 ሰዓት ነጻ ነው። “ስለ ፖለቲካ የተጻፈ ኢሜይል ሁሉ” ብለው ከጠየቁ የሚመጣልዎት ሂሳብ ነው። የኮርሱን ስምና ሁለት ቀኖች ጠቅሰው “በእነዚህ ቀናት የቀረቡ ስላይዶች” ይበሉ፤ የክፍያውን ግምት አስቀድመው ያስነግሩ።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ለሚሆን፦ ኦልሳይድስ የተባለው ድረ ገጽ አንዱን ዜና ከግራ፣ ከመሀልና ከቀኝ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ለ10ኛ ክፍል ይመጥናል። አይሲቪክስ የተባለውን የሥነ ዜጋ ትምህርት ድረ ገጽ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረችው ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በ2009 የጀመረችው ነው፤ ነጻ ነው፣ ጨዋታ ስላለው ግን ለመለስተኛ ደረጃ ይሻላል። ለእርስዎ ልጅ የምክር ቤት ንግግሮችን የሚያስተላልፈውን ሲ-ስፓን ጣቢያ እመርጣለሁ፤ ንግግሩን ሳይቆረጥ ሰምቶ ስላይዱ ካለው ጋር ራሱ ያስተያያል።