ካራ ያለችው የእናቴ ድመትና የጎረቤት ውሻ፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰብለ (ሽቱትጋርት)
ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስል ይችላል፣ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። እናቴ ካራ ነው የምትኖረው፣ ከኮተቤ አለፍ ብሎ ባሕር ዛፉ አጠገብ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ግቢው ውስጥ ያሉት እሷና ውሮ ብቻ ናቸው። ውሮ የውጭ ድመት ናት። ቀን አጥር ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ማታ ጤፉ ያለበት ክፍል ዙሪያ አይጥ ትጠብቃለች።

የጎረቤቱ ውሻ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውልና ሲመሽ ዘበኛው ይፈታዋል። የክረምቱ ጎርፍ በቆርቆሮው አጥር ሥር በቦረቦረው በኩል ሾልኮ እኛ ግቢ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ውሮን ወገቧ ላይ ነከሳት። እማዬ በቪዲዮ አሳየችኝ። ፀጉሯ ገለጥ ሲል ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው የሚታዩት፣ ደሙም ደርቋል። ግን እህል አትቀምስም፣ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣ ብላለች። እማዬ ፓራሲታሞል ፈጭታ በወተት ልትሰጣት አስባለች። ልስጣት ትለኛለች፣ እኔ ምን ልበላት?

ደግሞ እማዬ ለጎረቤት መናገር አትፈልግም። የቤቱ ባለቤት እንደኛው ውጭ አገር ነው፣ አሜሪካ ይባላል፣ ግቢው ውስጥ ዘበኛው ብቻ ነው ያለው። ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ?

ትዕግሥት (ቶሮንቶ)
ሰብልዬ፣ ፓራሲታሞሉን አሁኑኑ ደውለሽ አስቁሚያቸው! የድመት ጉበት ያንን መድኃኒት ማስወገድ አይችልም፤ ደሟ አየር መሸከም ያቅተዋል፣ አንድ እንክብል ልትገድላት ትችላለች። እኔ ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና የተማርኩ ነኝ፣ እዚህ ሌላ ሥራ ላይ ብሆንም ይህን አልረሳውም።

ቁስሉ ትንሽ መስሎ መታየቱ አያታላችሁ። ውሻ ድመትን ነክሶ ሲያራግፋት ቆዳው ይለጠጥና ይመለሳል፣ ከሥሩ ያለው ሥጋ ግን ይቀደዳል። ከዚያ ውስጥ ውስጡን መግል ይቋጥራል። አለመብላቷና መደበቋ ሕመም ነው። ድዷ ከነጣ ወይም በሆዷ እየሳበች የምትተነፍስ ከሆነ ለነገ አይባልም። ዘመድ ካለሽ በካርቶን ከትቶ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዳት፣ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል።

ከድመቷ በላይ የሚያስጨንቀኝ እናትሽ ናቸው። ያመማት ድመት ጌታዋንም ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዱን ማንም አያውቅም። እሳቸውን ከነከሰቻቸው ወይም ከቧጨረቻቸው ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጠበል መሄድ ይችላሉ፣ ግን ከክትባቱ በኋላ። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው አይተርፍም፤ ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲወሰድ ነው። ውሻው ደግሞ የሚታወቅ ውሻ ስለሆነ ሰው ቢነክስ እንኳ ሳይገደል ታስሮ 10 ቀን ይታያል። ዘበኛው ይህን ይወቅ።

ጋሽ ምናሴ (ፍራንክፈርት)
ልጄ ሰብለ፣ እኔ ከዚህ አገር ሥርዓት ልጀምር፣ ለንጽጽር ይጠቅማልና። እዚህ ውሻ ያለው ሰው በየዓመቱ ለማዘጋጃ ቤቱ የውሻ ግብር ይከፍላል፤ ለድመት ግብር የለም። ውሻው የሌላ ሰው ግቢ ገብቶ ጉዳት ካደረሰ በፍትሐ ብሔር ሕጋቸው አንቀጽ 833 መሠረት ባለቤቱ ይከፍላል፤ ለዚህም ሲሉ ብዙዎቹ ኢንሹራንስ ይገባሉ። ጎረቤት ካስቸገረሽ ኦርድኑንግስአምት ለሚባለው የከተማው ደንብ አስከባሪ መሥሪያ ቤት ትጽፊያለሽ፣ እነሱም ይጽፉለታል። ሁሉም ነገር በወረቀት ነው። እናትሽም በወረቀት መጀመር አለባቸው።

ደረጀ (ዴንቨር)
ጋሽ ምናሴ አክብሮቴ እንደተጠበቀ፣ ካራ ላይ ኦርድኑንግስአምት የለም። ሰብለ የጠየቀችው ዛሬ ማታ ድመቷ እንዴት ትደር ነው።

ጋሽ ምናሴ (ፍራንክፈርት)
አገራችን ሕግ የላትም የምትሉት ነገር ያሳዝነኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ እንስሳው በድንገት አምልጦ እንኳ ቢሆን። ባለቤቱ ሲያትል ይኑር ሲድኒ፣ ባለቤት ባለቤት ነው። የሕክምናውን ደረሰኝ ይያዙ።

ዮናስ (ቨርጂኒያ)
ወገኖቼ፣ ማንንም ማስቀየም አልፈልግም። ግን ታናሽ ወንድሜ ሁለት ልጆች ይዞ የቤት ኪራይ አቃተኝ እያለ በየሳምንቱ ይደውልልኛል። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የምልከው ዶላር በወረቀት ብዙ ብር ይሆናል፣ ገበያ ሲወጡ ግን ያው ነው። በዚህ ላይ ለድመት ክሊኒክ ብር ላኪ ስትባል ሳነብ ከበደኝ።

ሰብለ (ሽቱትጋርት)
ወንድሜ ዮናስ፣ ይገባኛል። ግን እማዬ ማታ ማታ የምታወራው ከውሮ ጋር ነው። አንዴ እዚህ አምጥቻት ነበር፣ ቪዛዋ ሳያልቅ ተመለሰች፤ ቤቴ፣ ዕድሬ፣ ድመቴ ብላ። ለእኔ ይህ የእናቴ ወጪ ነው።

እትዬ አልማዝ (ሚኒያፖሊስ)
እኔ ኮተቤ ነው ያደግሁት። ማታ ጅቡ ሲጮህ ውሾቹ በሙሉ ተቀባብለው ይጮሁ ነበር፣ እኛም ብርድ ልብሱን ጭንቅላታችን ላይ ስበን እንተኛ ነበር። እዚህ ሌሊቱ ጸጥ ሲል ያን ጩኸት ይናፍቀኛል፣ ብታምኑም ባታምኑም። ልጄ፣ ጅቡ እኮ ዛሬም ከእንጦጦ በኩል ይወርዳል። ውሻውን ብትገላገሉ ድመቷን ከጅብ ማን ያስጥላታል? ከነድመታቸው ብታመጫቸውስ?

ጋሽ ምናሴ (ፍራንክፈርት)
ይቻላል፣ ግን ጊዜ ይፈጃል። ድመቷ ቺፕ ይገባላታል፣ የእብድ ውሻ ክትባት ትወስዳለች፣ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ክትባቱ መሥራቱን ለማየት ደሟ ተወስዶ የመከላከያው መጠን በሚሊ ሊትር 0.5 ዩኒት እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ደሙ ከተወሰደ በኋላ ደግሞ 3 ወር ይጠበቃል። ወረቀት ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ትዕግሥት (ቶሮንቶ)
እትዬ አልማዝ ትክክል ብለዋል፣ ዋናው ማታ ነው። ከመግሪብ አዛን በፊት ምግቧን ቤት ውስጥ ይስጧት፣ ውጭ ምንም አይተዉላት። ሳንባ ከሆነ ተቀቅሎ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት። ድመት ሰዓት ታውቃለች፣ ሆዷ ራሱ ያስገባታል። ከዚያ በር ይዘጋል። ውጭ የተረፈ ምግብ ውሻውንም ይጠራል።

ቀን ደግሞ ማምለጫ ያስፈልጋታል። የእማዬ መስኮት እንደ አብዛኛው የአዲስ አበባ ቤት ብረት ያለው ከሆነ ጥሩ ነው፤ በብረቱ መሐል ድመት ታልፋለች፣ ውሻ አያልፍም። አንዱን መስታወት ገርበብ አድርገው ይተዉላትና ከመስኮቱ ሥር አንድ ጣውላ በሚስማር ይምቱላት፣ ከመሬት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ያለ። ከአጥሩ እስከ መስኮቱ ባለው መንገድ መሸሸጊያ የሌለው ሜዳ አይኑር፤ በርሜልም ሆነ አሮጌ ጠረጴዛ መሐል ላይ ያስቀምጡ። ካገገመች በኋላ ማስመከንም አስቢበት፣ ከግቢ መራቋ ይቀንሳል።

መርዝ ያለበት ሥጋ ወርውሩለት የሚል ሰው አይጠፋም። አደራ! ያንን ሥጋ ቀድማ የምታገኘው ውሮ ራሷ ልትሆን ትችላለች፣ ካልሆነም የሰፈር ልጅ ይነካዋል። ውሻውም ጥፋት የለበትም። ቀኑን ሙሉ በአንድ ክንድ ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ሲፈታ ያገኘውን ያሳድዳል።

ሙሉጌታ (ሲያትል)
እኔ ለገጣፎ ቤት ሠርቼ ዘበኛና ውሻ ትቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። የሰብለን ጎረቤት አላውቀውም፣ ግን ሁላችሁም እሱ ላይ የዘመታችሁ ስለመሰለኝ ነው የምጽፈው። ሰው የሌለበት ቤት ላይ የውጭ መብራትና የውኃ ቧንቧ ሳይቀር ተፈቶ ይሄዳል። ዘበኛ ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ አይነቃም። ውሻ ማታ የሚፈታው ለዚህ ነው፣ በክፋት አይደለም።

ደረጀ (ዴንቨር)
ሙሌ፣ ውሻ አይኑር ያለ የለም። አጥሩ ሥር ያለውን ቀዳዳ ማን ይድፈን ነው። ለመብራትህ ከሰጋህ ውሻው በአንተ ግቢ ውስጥ መቅረት አለበት፤ ሰብለ እናት ግቢ ከገባ የሚጠብቀው የማንን ቤት ነው? ክትባቱንስ ማን ያስከትባል?

ሙሉጌታ (ሲያትል)
እኔ በየወሩ ለውሻው አጥንትና ለክትባቱ ብዬ እልካለሁ። ዘበኛው ይገዛለት አይግዛለት እዚህ ሆኜ በምን አውቃለሁ?

ትዕግሥት (ቶሮንቶ)
የክትባት ካርዱን በስልክ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ከሌለው አልተከተበም ማለት ነው። ቀላል ነው ወንድሜ።

ሰብለ (ሽቱትጋርት)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፓራሲታሞሉ ቀርቷል። የአክስቴ ልጅ ዛሬ ክሊኒክ ወሰዳት፤ ፀጉሯን ላጭተው ቁስሉን አጠቡላት፣ መርፌም ወጓት። ጣውላውን ነገ ይመታል። የቀረው ቀዳዳው ነው። ብሎኬትና ሲሚንቶ እኔ ልግዛ ብል እማዬ አጥሩ የጋራ ነው፣ ሳይነገራቸው አይነካም ትላለች።

ጋሽ ምናሴ (ፍራንክፈርት)
ስለዚህ ለባለቤቱ ደብዳቤ ይጻፍ። ቀን፣ ጉዳት፣ ደረሰኝ፣ ፊርማ። ግልባጩ ለወረዳው። ረቂቁን እኔ አዘጋጅልሻለሁ።

ሙሉጌታ (ሲያትል)
ጋሽዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ደብዳቤው ሲደርስ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያደርገውን ልንገርዎ፦ ዘበኛውን ያባርራል። ቀዳዳው ግን እንዳለ ይቀራል።

ሰብለ (ሽቱትጋርት)
እማዬ የማትናገረውም ለዚሁ ነው። ልጁ ከገጠር የመጣ ነው፣ ቡና ስታፈላ ትጠራዋለች። አባቴ ያረፈ ዕለት ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው።

ደረጀ (ዴንቨር)
ታዲያ በልጁ እንጀራ ምክንያት ባለቤቱ በነጻ ይለቀቅ?

ጋሽ ምናሴ (ፍራንክፈርት)
አንቀጹ ባለቤቱን እንጂ ዘበኛውን አይልም። ደብዳቤው ላይ ይህን በግልጽ እጽፋለሁ።

ሙሉጌታ (ሲያትል)
ይጻፉ ጋሽዬ። ልጁ ሥራ ሲያጣ ግን ደብዳቤውን ለማን እናሳይለት?